ሚልብሩክ ሞል ውስጥ ያልተደረገው ሰርግ

ሚልብሩክ ሞል የሚባለው የገበያ ማዕከል ፈርሶ ዛሬ የለም። በቦታው መኖሪያ ቤትና ክሊኒክ ሊሠራ ነው። ሰዉ «ደግ አደረጉ፣ አስቀያሚ ሆኖ ነበር» ይላል። እውነት ነው፣ አስቀያሚ ሆኖ ነበር። እኔ ግን ያንን ቤት ስወደውም ስጠላውም ኖሬያለሁ።

ሲከፈት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከአክሮን ከተማ ወጣ ብሎ፣ የበቆሎ ማሳ ላይ ነው የሠሩት። በሁለት ዓመት ውስጥ ገዢው ሁሉ ወደ ሞሉ ዞሮ የከተማችን ዋና መንገድ ጭር አለ፤ የአባቴ ጫማ ቤትም ተዘጋ። አባቴ «እግሬ እዚያ በር አይረግጥም» ብሎ ማለ። እኔ ደግሞ ሳድግ ሥራ ያገኘሁት እዚያው ሞል ውስጥ ነው፣ ያውም ጫማ መሸጫ። ማታ ስገባ «የጠላት ወታደር መጣች» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ዱዌይን የሚባል ወጣት ከፊት ለፊታችን ባለው የኦርጋን መሸጫ መደብር ውስጥ ይሠራል። ገዢ ለመሳብ በሩ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ይጫወታል። የደንበኛ እግር ለክቼ ቀና ስል ዓይኑ እኔ ላይ ነው። አንድ ቀን መጥቶ ወንበር ላይ ቁጭ አለና እግሩን ዘረጋልኝ።

«ስንት ቁጥር ነህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ለኪኛ!»

«ትናንት ለካሁህ እኮ!»

«እያደግኩ ነዋ።»

እንዲህ ተጀመረ።

ሞሉ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር አስተዳደሩ በሞሉ መሃል ባለው ሰው ሠራሽ ፏፏቴ አጠገብ አንድ ጥንድ ፍቅረኞች በነፃ ሊድር ተነሳ። ልንጋባ ተስማምተን ስለነበር ዱዌይን ደስ ሊያሰኘኝ ብሎ፣ ሳይነግረኝ አስመዘገበን። ጠዋት ሥራ ስገባ ስማችን በትልቁ ተለጥፎ አየሁ።

«አባቴስ?» አልኩት።

«ላንቺ ሲል ለአንድ ቀን ይገባል፣ ኮሪን።»

«አባቴን አታውቀውም!»

«አንቺስ ታውቂዋለሽ?»

አናደደኝ። ማታ ለአባቴ ስነግረው ዝም አለ፤ ሳህኑን አንስቶ ማጠብ ጀመረ። ዝምታውን እምቢታ ነው ብዬ ተረጎምኩት። መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም።

የሰርጉ ቀን፣ አባቴ በሌለበት አልዳርም ብዬ፣ ቬሎዬን እንደለበስኩ ጓደኛዬ ቤት ተደበቅሁ። ሰርጉ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። አሥር ሰዓት ሲሆን መኪናዬን አስነስቼ ወደ ሞሉ በረርኩ። ስደርስ ሰዉ ተበትኖ፣ ፏፏቴው አጠገብ ወንበሮቹ እየተነሱ ነው። አንዱ ላይ ብቻ ሰው ተቀምጧል። ሱፉን ለብሷል፣ ጫማውን ወልውሏል። አባቴ ነበር።

«ዱዌይን ቅድም ወጣ» አለኝ። «ትመጣለች፣ ትንሽ ጠብቅ ብዬው ነበር።»

«አባዬ፣ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ልድርሽ ነዋ የመጣሁት!»

እዚያው አለቀስኩ። ዱዌይን ቤት ስደውል ወንድሙ ዘንድ፣ ኢንዲያና ግዛት ሄዷል አሉኝ። እሱ ይጻፍ ብዬ ኮራሁ፤ እሱም እሷ ትጻፍ ብሎ ይሆናል። የዚያን ዕለት አርፍጄም ቢሆን መምጣቴን ለማንም እንዳይናገር አባቴን ለመንኩት፤ እስኪሞት አልተናገረም።

ከዚያ የኦርጋን መደብሩ ተዘጋ። ትልልቆቹ መደብሮችም ተራ በተራ ወጡ። ፏፏቴውን አድርቀው የፕላስቲክ አበባ ደረደሩበት። በመጨረሻ የቀረነው ሦስት ሱቆች ነበርን፤ ጠዋት ጠዋት ለጤናቸው ወዲያ ወዲህ ከሚሉ አዛውንቶች በቀር የሚገባ ሰው የለም። እኔም አላገባሁም። ሰው ሲጠይቀኝ ሥራ በዛብኝ እላለሁ።

ሞሉ የፈረሰ ቀን ብዙ ሰው አጥሩ ሥር ቆሞ ያያል። አንድ ሸበቶ ሰው አጠገቤ መጣ።

«ኮሪን?»

ድምፁን አወቅሁት። ዱዌይን ነበር።

«ባለቤቴ መኪና ውስጥ ናት» አለ ቶሎ ብሎ። «አይተን እንሂድ አለችኝ። አባትሽ ደህና ናቸው?»

«ካረፈ ቆየ።»

ራሱን ነቀነቀ። ግንቡ ሲናድ አብረን አየን።

«እሳቸው ጠብቅ ብለውኝ ነበር» አለ። «አርባ ዓመት ሙሉ የሚያብሰለስለኝ እሱ ነው። ትንሽ ብታገሥ ኖሮ ትመጪ ነበር?»

ሴትዮዋ በመኪናው መስኮት እጇን አወዛወዘችልኝ። ደግ ፊት አላት።

«አልመጣም ነበር» አልኩት።

በረጅሙ ተነፈሰ።

«እንኳንም ነገርሽኝ» ብሎ እጄን ጨበጠኝና ወደ እሷ ሄደ።