አንድ ምላስ ያለው ወጥ ቤት

ምሳ ሊወጣ ሲል የዚያ ሆስፒታል ወጥ ቤት ጸጥ ይላል። ከጠዋት ጀምሮ ሲንኳኳ የቆየው ድስት፣ ሲከተፍ የቆየው ካሮት፣ የሠራተኛው ወሬና ሳቅ ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጋሪዎቹ በሩ ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። የሁሉም ዐይን ነጭ ሽርጥ የታጠቁ አንዲት ሴትዮ ላይ ነው። ሴትዮዋ ከደረት ኪሳቸው ማንኪያ ያወጣሉ፤ ከመጀመሪያው ድስት ጨለፍ አድርገው ይቀምሳሉ፤ ዐይናቸውን ጨፈን፣ ከንፈራቸውን መጠጥ ያደርጋሉ። ከዚያ «ይውጣ» ይላሉ፤ ወይም «ጨው» ይላሉ፤ ወይም «ማነው ይህን ያሳረረው?» ይላሉ። ይህችኛዋን የሰማ ሰው የዚያን ቀን ምሳው አይዋጥለትም።

የወጥ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ሠራተኛው በቅጽል ስም «እትዬ ሚዛን» ይላቸዋል፤ ስሙን እሳቸውም ያውቁታል፣ አልጠሉትም። እውነትም ምላሳቸው አይስትም ነበር። ግን መቅመስ የሳቸው ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ድስት ውስጥ ማንኪያ ሲከት ካዩ ደማቸው ይፈላል። አንድ ጊዜ አንዲት አብሳይ ከሳቸው ቀድማ ሾርባ ቀምሳ «ትንሽ ጨው ያንሰዋል» ብትል፣ «አንቺ ደግሞ መቼ ነው ምላስ ያበቀልሽው?» አሏት። በማግስቱ ሳህን አጠባ ተመደበች። ከዚያ ወዲህ ያለ ፈቃድ የቀመሰ አልታየም።

ነገሩ ከክፋት የመጣ አልነበረም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። እትዬ ሚዛን ሥራቸውን የሚወዱ፣ ከሁሉ ቀድመው ገብተው ከሁሉ ኋላ የሚወጡ ሴት ናቸው። «የበሽተኛ ምግብ አደራ ነው፤ አደራን ለዚህም ለዚያም አላድልም» ይሉ ነበር። ሲሰሙት ደስ ይላል። ነገር ግን እንዲህ ሲባል በኖረበት በዚያ ወጥ ቤት ሥራው የሁሉም ሲሆን፣ ኃላፊነቱ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ ቀረ። ሌላው የታዘዘውን አብስሎ ይጠብቃል።

አንድ ሰሞን እትዬ ሚዛንን ከባድ ጉንፋን ጣላቸው። ትኩሳቱ ለቀቃቸው፣ ሳሉም ተዋቸው። ሥራ በገቡ ቀን ግን ማንኪያቸውን አውጥተው ሾርባውን ሲቀምሱ አፋቸው ውስጥ የገባው ሙቀት ብቻ ነበር። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ደግመው ቀመሱ። ምንም! ክው አሉ። ቀና ሲሉ ሁሉም እጁን አጣምሮ አፍ አፋቸውን ያያል።

«ይውጣ» አሉ።

ነገ ይመለሳል ብለው ራሳቸውን አጽናኑ። በማግስቱ አልተመለሰም፤ በወሩም አልተመለሰም። ለሐኪም እንዳይናገሩ፣ በዚያ ግቢ ወሬ ከሰው ቀድሞ ነው ወጥ ቤት የሚደርሰው። ለሠራተኛው እንዳይናገሩ ደግሞ «ምላሴ ከሄደ እኔ ምን ቀረኝ?» የሚለው ሐሳብ ዕረፍት ይነሣቸዋል። ስለዚህ በዐይን መቅመስ ጀመሩ። የሾርባውን ውፍረት፣ የጨው ጣሳውን ጉድለት፣ የአብሳዩን ፊት እያዩ ይፈርዳሉ። ብዙ ጊዜ ይሳካላቸው ስለነበር ማንም አልጠረጠረም።

በዚያ ወጥ ቤት ከትልልቆቹ ድስቶች ጎን አንዲት መለስተኛ ድስት ትጣዳለች። እሷ ውስጥ ጨው አይገባም፤ የልብና የኩላሊት ሕሙማን ምግብ ናት። እነዚህ ሰዎች ጨው ሲበሉ ሰውነታቸው ውሃ ይይዛል፣ ያብጣሉ፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። በዚሁ ሰሞን እነሱ ያሉበት ክፍል አልጋ ተጨመረለት፤ ድስቷ ግን ያችው ድስት ናት። ምግቡ አልዳረስ አለ። ለእትዬ ሚዛን «ድስቷ አነሰች» ማለት ሥራዎን አያውቁም እንደማለት ስለሚቆጠር ማን ደፍሮ ይናገር? በድስቷ የሚያበስለው ሰው ሲጨንቀው ጊዜ ከትልቁ ድስት በጭልፋ እየቀዳ ሞላባት።

«ኧረ ያኛው ጨው አለው!» አለችው አጠገቡ የቆመች አብሳይ።

«ታዲያ እትዬ ይቀምሱት የለ? ከበዛ ይመልሱታል» አላት፤ እሷም እውነቱን ነው ብላ ተወችው።

እትዬ ቀመሱት። «ይውጣ» አሉ።

ምክትላቸው ትልቅ ሆቴል ሠርቶ የመጣ፣ በር በገባ ቁጥር ጎንበስ የሚል ሰው ነው፤ «ረጅሙ» ይሉታል። ጋሪው ሲያልፍ ጭልፋው ላይ የቀረውን በጣቱ ነክቶ ቀመሰ። ጨው ነው። ዞሮ እትዬን አያቸው፤ ማንኪያቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ነበር። እሳቸው ካሳለፉት ምናልባት የሐኪም ትእዛዝ ተለውጦ ይሆናል አለ በሆዱ። ዐይኑ ደግሞ ወደ ሳህን አጣቢዋ ሄደ። ጭልፋውን መልሶ ሰቀለው። ጋሪው ሄደ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያም በኋላ ባሉት ቀናት።

ከዚያ ክፍል የሚመለሰው ሳህን ወትሮ ግማሹ ምግብ ነበር፤ ጨው የሌለው ነገር በማን ጉሮሮ ይወርዳል? አሁን ግን ሳህኑ ተጠራርጎ ይመለስ ጀመር። ጋሪ ገፊው አንድ ቀን እየሳቀ መጣ።

«እትዬ፣ ዛሬስ ተመረቁ! አንዱ ልብስ ሰፊ 'የእናቴን እጅ መሰለኝ፣ እባካችሁ ድገሙኝ' አለ።»

እትዬ ሚዛን ፊታቸው በራ። ስንት ጊዜ ሲያባንናቸው የከረመው ፍርሃት ለቀቅ አደረጋቸው። «ይኸው! ሥራ ምላስ ብቻ አይደለም፣ ልምድ ነው» አሉ። ረጅሙ ይህን ሰምቶ የያዘውን ካሮት መክተፉን ቀጠለ።

ሳምንቱ ሳያልቅ የዚያ ክፍል ነርስ ደረጃውን እየሮጠች ወርዳ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ የእኛ ምግብ ውስጥ ጨው ገብቷል እንዴ?»

«ማነው ያለው?»

«ያለ ሰውስ የለም። ግን ነገ ቤቱ ሊሄድ የነበረው ልብስ ሰፊ እግሩ አብጦ ጫማ አልገባለት ብሏል። ትንፋሽ አጥሮት ተቀምጦ ነው ያደረው፤ አሁን ኦክስጅን ላይ ነው። የሌሎቹም ሁኔታ አላማረኝም።»

ወጥ ቤቱ እንደ ምሳ ሰዓት ጸጥ አለ።

«ስሚኝ ልጄ፣» አሉ እትዬ ሚዛን፣ «ከዚህ ቤት በእኔ ምላስ ያላለፈ ምግብ ወጥቶ አያውቅም። ዘመድ በፌስታል የሚያመጣላቸውን ፈትሹ።»

«ፈትሸናል እኮ።»

«እንግዲያው ሐኪሞቹን ጠይቂያቸው! ጭራሽ እኔን ሥራዬን ልታስተምሪኝ?»

«አልወጣኝም፣ እትዬ። ግን እስኪጣራ ድረስ ቅቅል ድንች ብቻ ላኩልን፤ ሌላውን አልቀበልም» ብላ ነርሷ ዞራ ሄደች። ከሠራተኛው መካከል ቀና ያለ አልነበረም።

ያን ዕለት ማታ እትዬ ሚዛን ቤታቸው ለራት ተቀምጠው፣ ጡረታ የወጡት አናጢ ባለቤታቸው ውሃ በላይ በላዩ ሲጠጡ አዩ።

«ምነው ውሃ አበዛህ?»

«ሙቀት ነው።»

«ውጭ እየዘነበ?» አሉና ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ንገረኝ፤ ጨው በዝቶበታል?»

ባለቤታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱማ ከታመምሽ ጀምሮ ነው። አንዳንዴ አይቀመስም፣ አንዳንዴ ደግሞ ጨው የሚባል የለውም።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም አልክ?»

«አንቺን ጨው በዛ ልበልሽ? አንዴ በወጣትነቴ ብዬ የደረሰብኝ ይበቃኛል» ብለው መሳቅ ጀመሩ። የሚስታቸው እንባ ሳህኑ ላይ ሲወርድ ሲያዩ ግን ሳቁን ተዉት። «ኧረ ምነው! ለጨው ታለቅሻለሽ?»

እትዬ ሚዛን ያለቀሱት ለጨው አልነበረም። ዕድሜ ልኩን አብሯቸው የኖረ ሰው ይህን ያህል ከፈራቸው፣ ወጥ ቤት ያሉት እንዴት ይፍሯቸው! ኦክስጅን ላይ ያለው ሰው ዐይናቸው ላይ ድቅን አለባቸው።

ጠዋት ረጅሙን ዕቃ ግምጃ ቤት ጠርተው በሩን ገጠም አደረጉ።

«ጨው መግባቱን አውቀህ ነበር?»

ረጅሙ ጎንበስ አለ። «አውቄ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እትዬ፣ ማን ሊሰማኝ? የኔም ጥፋት ነው። ሥራዬን ከሰውዬው ትንፋሽ አስበለጥኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም» አለ።

«እኔ ደግሞ ከጉንፋኑ ጀምሮ ምላስ የለኝም» አሉት። ሽርጣቸውን ፈተው ቀጥታ ወደ ሕሙማኑ ክፍል ወጡ።

ልብስ ሰፊው በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ጣቶቹ ስላበጡ የብርድ ልብሱን ጫፍ እንኳ በወጉ መጨበጥ አልቻለም። እትዬ ሚዛን ማን እንደሆኑ፣ ምን እንዳጠፉ ሳይሸሽጉ ነገሩት። እሱም በዝግታ፣ በየቃሉ መካከል እየተነፈሰ ነበር የመለሰላቸው።

«እኔኮ ጣፍጦኝ ነው የበላሁት። ዳንኩ ማለት ነው፣ ምግብ መጣፈጥ ጀመረኝ ብዬ ልጆቼን አበሠርኳቸው።»

እትዬ ሚዛን አንገታቸውን ደፉ።

«ቆይ፣ እዚያ ቤት ሌላ የሚቀምስ ሰው የለም እንዴ?»

ጥያቄው የቅሬታ እንኳ አልነበረም፤ ሰውዬው ገርሞት ነው። እትዬ ሚዛን ይቅር በለኝ ብለው ወጡ፤ እሱም ይቅር አልኩ አላለም። ከዚያ ወደ አስተዳደሩ ሄደው ሁሉን ተናገሩ፣ የሚገባቸውን ቅጣትም ተቀበሉ። «ኃላፊነቱን ለሌላ ስጡት» ቢሉም፣ «መጀመሪያ የሚረከብዎትን ሰው ያብቁ» ተባሉ። እዚያ ወንበር ላይ ያን ያህል ዘመን ሲቀመጡ አንድም ሰው አለማብቃታቸው ያኔ ነው ቁልጭ ብሎ የታያቸው።

በምሳ ሰዓት ሠራተኛውን ሰብስበው እውነቱን ነገሩት። ሳህን አጣቢዋን በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቀው ወደ ማብሰያው መለሷት። ድስቷም በትልቅ እንድትለወጥ አዘዙ። ከዚያ ለረጅሙ ማንኪያ ሰጡት። «እስቲ ቅመስ። እንዴት ነው?»

ረጅሙ ቀመሰ። ወጥ ቤቱ በሙሉ እሱን አየ። እሱ እትዬን አየ።

«እርስዎ... እርስዎ እንዳሉት ነው።»

«እኔ ምንም አላልኩም እኮ!»

ማንም አልሳቀም። ሆቴል ሲያበስል የኖረን ሰው ምላስ ያደረቁት እሳቸው ናቸው፤ ማንኪያ በማቀበል ብቻ አይመለስም። ስለዚህ በየቀኑ አንድ ሰው ቀድሞ ይቀምሳል፣ የመሰለውን ይናገራል፣ እትዬ ዝም ብለው ይሰማሉ። ዝምታው ለሳቸው ከሥራው ሁሉ ከበዳቸው። ሰው ሲሳሳት ምላሳቸው ጫፍ ላይ የሚደርሰውን ቁጣ እየዋጡ «ለምን እንደዚያ አልክ?» ማለት ተማሩ።

እናንተ በቢሮ፣ በፋብሪካ፣ በሱቅ፣ በትምህርት ቤት ሰው የምታሠሩ ሁሉ፣ ነገሩ የወጥ ቤት ብቻ አይምሰላችሁ። «እኔ ሳላየው አንድ ነገር አይወጣም» ብሎ የሚኮራ አለቃ ሥራውን የጠበቀ ይመስለዋል፤ የሠራተኛውን ዐይን ግን እሱው አሳውሮታል። የሚፈራ አለቃ መጥፎ ዜና የሚደርሰው ከሁሉ መጨረሻ ነው። መሪ መሆን ሰው ማብቃት ነው፤ የበቃው ሰው ደግሞ አንድ ቀን «ተሳስተሃል» ሊላችሁ እንደሚችል ከወዲሁ መቀበል ነው። እናንተም አይታችሁ ዝም ያላችሁ፣ ዝምታችሁ የሚያስከፍለው እናንተን ብቻ አለመሆኑን አስቡ።

ልብስ ሰፊው ብዙ ቆይቶ፣ ብዙ ተዳክሞ ቤቱ ገባ። ወራት አለፉ። አንድ ቀን የውሃ መስመር ተበላሽቶ ምሳ እጅግ ዘገየ። ስልኩ ከየክፍሉ ይጮሃል። እትዬ ሚዛን ሰዓቱን አይተው ተጣደፉ።

«ይውጣ! የሁሉም ይውጣ!»

ጋሪዎቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። የልብና የኩላሊት ሕሙማኑ ጋሪ በሩ ጋ ሲደርስ ግን ረጅሙ መንገዱን ዘግቶ ቆመ።

«ይሄኛው አይወጣም» አለ።

«ማነው አይወጣም ያለው?» ያ የድሮው ድምፅ ሳያስቡት አመለጣቸው። ሠራተኛው ባለበት ደረቀ።

ረጅሙ እጁን ከጋሪው ላይ አላነሣም። «እኔ ነኝ ያልኩት። ቀምሼዋለሁ፤ ጨው አለው። በጥድፊያ ተደባልቋል።»

«እኔም ልቅመሰው» አለች አንዲት አብሳይ ከኋላ። ቀመሰች። «እውነቱን ነው።»

ስልኩ አሁንም ጮኸ። እትዬ ሚዛን አነሡት።

«አዎ፣ ዘግይቷል... የእናንተ ክፍል ምግብ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ጨው ገብቶበት ቆሟል... አይ፣ ያስቆምኩት እኔ አይደለሁም። እኔማ 'ይውጣ' ብዬ ነበር።»

ስልኩን ዘጉ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቢላዋ አነሡና ረጅሙ አጠገብ መጥተው ቆሙ።

«በል፣» አሉት፣ «ከየት ልጀምርልህ?»