ያልተጠቀለለው አውራ ጣት

«ለተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፦ ቅዳሜ በሚከናወነው ታሪካዊ ምረቃ ምክንያት በማንጎ መጋዘኑ በር ላይ የሚተኙ ፍየሎች በሙሉ ከዓርብ ጠዋት ጀምሮ ቦታውን እንዲለቁ በጥብቅ ይገለጻል።»

ፍየሎቹ አልለቀቁም። ኢንስፔክተር ናጅዋ ዓርብ ረፋድ ላይ ወደ መጋዘኑ የገባችው በላያቸው ተሻግራ ነው። ውስጥ፣ ሊመረቅ ከነበረው ማንጎ ለቃሚ ማሽን ሥር፣ የሠራው ኢንጂነር አብዱረሂም ሞቶ ወድቋል። የምረቃ ንግግሩ ወረቀት አሁንም በእጁ ነው። አንገቱ ላይ የብረት ጣቶች አሻራ ይታያል።

የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ከዲጃ አስረዱ። የማሽኑ እጅ ሴንሰር አለው፤ የሰው ገላ ሲነካ ይቆማል። አብዱረሂም ይህን ለማሳየት ጀርባውን ሰጥቶ ንግግር እያደረገ አንገቱን ያስይዘው ነበር። ዛሬ ጠዋት ብቻውን ሲለማመድ ግን የማሽኑ እጅ አልቆመም። ነካክቶ ያበላሸው ጥበቃው ፈይሰል ነው አሉ፤ ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልቷል።

ፈይሰል እጁ በካቴና ታስሮ ጥግ ቆሟል።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው ናጅዋ።

«በፍየሎቹ፣ እህቴ። አባርራቸው አለኝ፤ የኔ አይደሉም አልኩት።»

«ዛሬ ከእሱ በፊት ማን ገባ?»

«የሟቹ አባት ብቻ። ከንጋቱ የሱብሂ ሰላት መልስ፣ እንደ ሁልጊዜው ማሽኑን ዳበስ አድርገው ወጡ።»

አባትየው አሊዪ አርባ ዓመት ማንጎ የለቀሙ ሰው ናቸው፤ ማሽኑም መዳሰስ የተማረው ከእሳቸው እጅ ነው። አሁን የልጃቸውን አስከሬን የሚያጥቡበትን ውኃ በጄሪካን ይዘው ግድግዳ ሥር ተቀምጠዋል።

ናጅዋ የማሽኑን እጅ አየች። አራቱ ጣቶች በተደራረበ ሰማያዊ ጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ አውራ ጣቱ ግን ባዶ ነው። ወጥታ ደጅ የተሰበሰቡትን ማንጎ ለቃሚዎች እጆች ስታይ ቆየች። ስትመለስ ሁሉንም ማሽኑ ዙሪያ ሰበሰበች።

«ጨርቁ ሴንሰሩን ጋርዶታል፤ ማሽኑ አንገት መያዙን አላወቀም» አለች። «ሊገድል የፈለገ ሰው ግን አምስቱንም ይጠቀልል ነበር። ማንጎ ሲቀጠፍ የሚወጣው ወተት እጅ ያቃጥላል። ስለዚህ ለቃሚ አራት ጣቱን ይጠቀልላል፤ አውራ ጣቱን ይተዋል፣ የሚዳስሰው በእሱ ነው። ፈይሰል ማንጎ ለቅሞ አያውቅም። ወይዘሮ ከዲጃ፣ የማሽኑ ሴንሰር የት ነው?»

«አራቱ ጣቶች ላይ» አሉ ከዲጃ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «አውራ ጣቱ ባዶ ብረት ነው።»

«የጠቀለለው ሰው ይህን አላወቀም። የሚዳስስበትን የተወለት መስሎታል።»

ሁሉም የአሊዪን ሰማያዊ ሽርጥ አዩ። ጫፉ ተቀድዷል።

ናጅዋ የፈይሰልን ካቴና አስፈታች። ከዚያ ሽማግሌው ፊት ቁጢጥ አለች።

«አባባ፣ ማሽኑ ሥራቸውን ስለነጠቃቸው ልጃቸውን ተበቀሉት የሚል አይጠፋም። አንድ ቃል ይበሉኝና ልጻፈው። ብረትን ወተት አያቃጥለውም። ለምን ጠቀለሉለት?»

አሊዪ የማሽኑን እጅ አዩ። በማንጎ ወተት የተጠባበሰውን የገዛ እጃቸውን ሽርጡ ውስጥ ሸሸጉ።

«ውኃው እየሞቀ ነው። ልጄን ስጡኝ።»

«ይንገሩኝ አባባ። ለምን?»

«አልናገርም።»