በደረቁ ወንዝ ውስጥ የተነገረ ተግሣጽ

ቅድስት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ነገሌ ቦረና ነው፤ አባቷ አቶ ገብረአምላክ እዚያ መምህር ናቸው። ቅድስት ማንበብ ትወዳለች። አዲስ ቃል ስታገኝ ደግሞ፣ ልጆች፣ እንደ ከረሜላ በአፏ ስታገላብጠው ትውላለች።

አንድ ዓርብ ቀን የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ቲቸር አበባየሁ «አድሞኒሽ» የሚል ቃል አስተማረቻቸው።

«የተሳሳተን ሰው በደግነት መገሠጽ ማለት ነው። አደጋ እንዳያገኘውም በለዘበ አንደበት ማስጠንቀቅ» አለቻቸው።

ቅድስት «መገሠጽ» የሚለውን ያዘች። «በደግነት» የሚለው ግን በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ።

በማግሥቱ ከዘጠኝ ዓመቱ ወንድሟ ከናሆም ጋር ውኃ ለመቅዳት ወደ ደረቁ ወንዝ ወረደች። ቧንቧው ከደረቀ ሰንብቷል። ወንዙም በበጋ አሸዋ ብቻ ነው። ሰው አሸዋውን ይቆፍራል፤ ከሥር የሚመነጨው ውኃ እስኪጠራቀም ጠብቆ በጣሳ ይቀዳል። ጉድጓዱን ጥሎ የሄደ ግን ተራውን ያጣል፤ ሌላው ይገባበታል።

ናሆም እስከ ወገቡ ቆፈረ። ውኃው ገና ብቅ ማለት ሲጀምር፣ ፍየሎቻቸውን የሚያጠጡት ሽማግሌ ኦቦ ጃልዴሳ ቀና ብለው አዩ። ነገሌ ላይ ፀሐይ ነው። በተራራው በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል።

«ልጆቼ፣ ላይ ዘንቧል። ጎርፉ ሳይመጣ ውጡ» አሉና ፍየሎቻቸውን ነዱ።

እዚያው ሲቆፍሩ የነበሩት የሰፈር ልጆች ሁሉ ጄሪካናቸውን እያነሡ ወጡ። ናሆም ብቻ ቀረ።

«ትንሽ ቆይ! አሁን እኮ ሊሞላ ነው!»

ቅድስት ዳር ላይ ቆማለች። ልጆቹ ያዩዋታል። ያ አዲስ ቃል ምላሷ ላይ መጣ። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጮኸች።

«ናሆም! አድሞኒሽ እያደረግሁህ ነው! ግን አንተ መቼ ይገባሃል? ሁለተኛ ክፍልን የደገምክ ደንቆሮ!»

«ኧረ በፈረንጅ አፍ ሰደበችው!» አለ ከልጆቹ አንዱ፣ ፋዲል። «ደጋሚው! ደጋሚው!» እያሉ ልጆቹ ሳቁ።

የባለሱቁ ልጅ መሱዳ ግን አልሳቀችም። «አቦ ቅድስት፣ እንዲህ ከምትይው ዝም ብትይ ይሻል ነበር» አለቻት።

እናንተ ብትሆኑ ትወጡ ነበር? ናሆምም አልወጣም። ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ አለ።

«አልወጣም! ከፈለገ ጎርፉ ይምጣ!»

ነፋሱ የረጠበ አፈር ሽታ አመጣ። ከላይ እንደ ጭነት መኪና ያለ ጉርምርምታ ተሰማ።

«ቅድስት፣ መጣ! ወላሂ መጣ!» አለች መሱዳ።

ቅድስት ሮጣ ወረደች። ክንዱን ይዛ ጎተተችው። ክንዱን መነጨቃት። ልትጮህበት አፏን ከፈተች፤ ያን ጊዜ እያለቀሰ መሆኑን አየች። እንዲህ ያስለቀሰው ጎርፉ አይደለም፤ እሷ ናት። አጠገቡ ተንበረከከች።

«ናሆምዬ» አለችው። «በሰው ፊት አዋረድኩህ። በደልኩህ፣ ይቅር በለኝ። ጎርፉ እንዳይወስድህ ፈርቻለሁ። ና፣ ወንድሜ።»

«ጉድጓዴስ?»

«ሌላ እንቆፍራለን። አብረን።»

እጁን ሰጣት። ሮጡ። አሸዋው እግራቸውን እየያዘ ያዘገያቸዋል። ጉርምርምታው ቀረበ። መሱዳ ከዳር ጎንበስ ብላ ናሆምን ሳበችው፤ ከዚያ ሁለቱ ቅድስትን ሳቧት። ወዲያው ቡናማው ውኃ ግንድ እያንከባለለ ደረሰ። ጉድጓዱም ጄሪካኑም ዓይናቸው እያየ ጠፉ።

ማንም አልሳቀም።

ቅድስት ወደ ልጆቹ ዞረች። «ወንድሜን የሰደብኩት በእናንተ ፊት ነው። ይቅርታም በእናንተ ፊት እጠይቀዋለሁ» አለች። ከዚያም ናሆምን ይቅርታ ጠየቀችው።

ናሆም እንባውን በአሸዋማ እጁ ጠረገ። «እሺ። ግን ስለ ጄሪካኑ ለእማዬ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ» አለች ቅድስት፤ እጁን ይዛም ወደ ቤት ሄደች።

ልጆች፣ ወንድማችሁን ከአደጋ ልትመልሱት ስትፈልጉ በሰው ፊት አታዋርዱት፤ ቀርባችሁ በፍቅር ንገሩት።