የመርሳት ሱጁድ

«ሦስት ነው የሰገድነው አራት?» አለ አባቷ፣ ሶላቱን አሰላምቶ ጨርሶ ከወንበሩ ሳይነሳ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ።

ልጅቷ ክው አለች። ከንፈሯ አሁንም ይንቀሳቀሳል። ከንፈር ማንቀሳቀሱንማ ተክናበታለች።

«ሰባት!» አለ ትንሹ ወንድሟ፣ ከአልጋው ሥር መጫወቻ መኪናውን እየነዳ። ዝም ስለማይል ቃጭል ይሉታል። ቁጥሩ ሰባት ላይ ስለሚያልቅበት ብዙ የሆነ ነገር ሁሉ ለእሱ ሰባት ነው።

«አንተን ማን ጠየቀህ! እሜቴ፣ ንገሪኝ እንጂ።»

እሜቴ እሷ ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቤቱን ሁሉ ስለምታዝ አባቷ ያወጣላት ስም ነው። እሱ መካኒክ ነው። ጋራዥ ውስጥ የመኪና ማንሻው ክሪክ ተንሸራቶ እግሩን ከሰበረው ወዲህ በጀሶ ታስሮ ቤት ውሏል። መስጊድ መሄዱ ስለቀረ ወንበር ላይ ሆኖ ያሰግዳታል። ወንበር ላይ ደግሞ መቆሙም መቀመጡም ያው ነው፤ በተለይ ድምፅ በማይሰማበት እንደ አስር ባለ የከሰዓት ሶላት አራቱ ረከዓ፣ የስግደቱ ዙር፣ ይምታታል። «ስሳሳት አጨብጭቢልኝ፤ ዓይኔ አንቺ ነሽ» ብሏት ነበር ገና ሲጀምሩ። የሚያሰግድ ሰው ሲሳሳት ወንድ «ሱብሃነላህ» ይላል፣ ሴት ታጨበጭባለች።

እሷ ግን ከኋላው የቆመችው ለይምሰል ነው። ምን እንደነካት አታውቅም። ሰው አልሞተባት፣ ከማንም አልተጣላች። ድሮ ግንባሯ መሬት ሲነካ ደረቷን ሞቅ የሚያደርጋት ነገር ነበር፤ ድንገት ጠፋ። ቃላቱ አፏ ውስጥ ገለባ ሆኑ። ትምህርት ቤት የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ መዝለል ጀመረች፤ ቤት ውስጥ አባቷ እንዳያዝን ትነሳለች፣ ትወድቃለች። «ሙናፊቅ ሆኜ ይሆን?» እያለች ከአስመሳይ አማኞች መቆጠርን ትፈራለች።

አሁን «አራት» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል። አባቷ ያምናታል። የጨነቃትም ይኸው ነው፤ አምኗት ሶላቱ ሊጎድል ነው።

«አላውቅም፣ አባ። ልቤ እዚህ አልነበረም» አለች።

አባቷ ትንሽ አያትና ወደ ፊቱ ዞረ። «የተጠራጠረ ትንሹን ይይዛል። ሦስት እንበል። ተነሺ።»

አንድ ረከዓ ጨመሩ። ከዚያ የመርሳት ሱጁድ አደረጉ፤ ለተዘነጋው ማካካሻ ግንባር መሬት ለማስነካት የሚወረዱ ሁለት ሱጁዶች። ይህን ተምራዋለች፣ ፈተና ላይም ጽፋዋለች። ሰው እንደሚዘነጋ ቀድሞ ታውቆ መላ እንደተበጀለት ግን አስባው አታውቅም ነበር። ደረቷ አልሞቀም። እንባዋ ግን መጣ።

«እሺ፣ የት ነበርሽ?» አለ አባቷ ወንበሩን አዙሮ።

«የትም። እንዲህ ከሆንኩ ቆየሁ። ምንም አይሰማኝም። ትምህርት ቤትማ ጭራሽ አልሰግድም። ይኸው፣ ነገርኩህ።»

ቃጭል እንኳ መኪናውን አቆመ። አባቷ ጀሶውን ከላይ አከከ፤ ጀሶ ሲታከክ ምን እንደሚጠቅም እንጃ።

«እኔስ የት የነበርኩ መሰለሽ? የዚያን የጭነት መኪና ካምቢዮ ስፈታ ነበር። ባይሆን አንቺን ምን አስጠየቀኝ?»

«ያንተ የዛሬ ብቻ ነው።»

«የዛሬ ብቻ!» ሳቀ፣ ደስ የማይል ሳቅ። «ይቺ እግር ከተሰበረች ወዲህ፣ ወላሂ፣ ልቤ ድንጋይ ሆኗል። ለዱዓ እጄን አነሳና የምለው ይጠፋኛል። ልጄ ታየኛለች ብዬ እንጂ ስንቱን በዘለልኩት!»

እሷ ለእሱ ብላ፣ እሱ ለእሷ ብሎ! ልጅቷ እያለቀሰች ሳቅ አመለጣት።

«ታዲያ ተመልሶ ይመጣል?»

«ከዚህ በፊት ሄዶብኝ መጥቷል። መቼ እንደሚመጣ ግን አላውቅም፣ አልዋሽሽም። ማታ መግሪብ ላይ ግን ለእኔ ብለሽ እንዳትቆሚ። አልቆጣም።»

መግሪብ ሲደርስ አባቷ ወንበሩን ራሱ እየጎተተ አስተካከለ። አልጠራትም። እሷ የሒሳብ መጽሐፏ ላይ አፍጥጣ ቆየች፤ አንድም ነገር አላነበበችም። ከዚያ መጽሐፉን ዘግታ ውዱእ አደረገች። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር።

«አላሁ አክበር» ሲል ከኋላው ነበረች። አሁን ግን ዓይኗም ጆሮዋም እሱ ላይ ነው። አንድ። ሁለት። ሁለተኛው ረከዓ ሲያልቅ ቁጭ ተብሎ እጅ ጉልበት ላይ ያርፋል። የአባቷ እጆች ግን ለሦስተኛው ወደ ደረቱ መነሳት ጀመሩ።

ልጅቷ አጨበጨበች።

እጆቹ አየር ላይ ቆሙ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ጉልበቱ ተመለሱ።