የጀሶዋ ሯጭ ቀኝ እጅ

«እንዳትነኪው! ገና አልደረቀም!» አለ አባቷ፣ የድስት ክዳን የሚያህለውን ክብ ጀሶ ጠረጴዛው ላይ እያሳረፈ።

አባቷ ሳንቲም ፋብሪካ ውስጥ ቀራጭ ነው። ጀሶው ላይ ያለችው መሰናክል ዘላይ ነገ የአለቃውን ፈተና ካለፈች መጠኗ በማሽን ይቀነሳል፤ ከብር ማዕድን በተሠራ ሳንቲም ላይ ታርፍና ባሕር ማዶ ላሉ ሰብሳቢዎች ትሸጣለች። በሃያ ዓመት ሥራው ሰው ሲቀርጽ የመጀመሪያው ነው። አለቃው «አንተ መቼም ከአበባ አታልፍም» ብሎት ነበር።

ሴት ልጁ ደግሞ በትምህርት ቤቷ መሰናክል ትሮጣለች፤ «ፌንጣ» ነው የሚሏት። ጀሶውን ስታይ ክው አለች። ቀኝ እግር ወደ ፊት፣ ቀኝ እጅም ወደ ፊት!

ዝም ብትል አባቷ ዛሬ ደስ ብሎት ያድራል። ነገ ግን ስህተቱ ሳንቲሙ ላይ ይታተማል።

«አባዬ... ይቺ ልጅ ትወድቃለች።»

«የቷ ልጅ?»

«ይቺ የቀረጽካት። ከቀኝ እግር ጋር የሚወጣው ግራ እጅ ነው።»

«ሦስት ወር የለፋሁበትን! ደግሞ የሚገዛው የውጭ ሰው ነው፤ ማን ልብ ይለዋል?»

«እኔ ልብ ብዬዋለሁ።»

«ከምትጨቃጨቁ ዘላችሁ አትሞክሩትም?» አለች እናቷ ከጓዳ።

ፌንጣ ኮሪደሩ ላይ በርጩማ አቁማ ቀኝ እግሯንና ግራ እጇን አስቀድማ ዘለለችው። ቀጥሎ አባት ተነሳ። አውቶቡስ እንኳ ሮጦ ይዞ የማያውቅ ሰው፣ ሱሪውን ሰብስቦ ልክ እንደ ቅርጹ ዘለለ። በርጩማውን እንዳቀፈ የልብስ ሳፋ ውስጥ ዘጭ አለ።



«ሳፋው ውሃ አለበት» አለ አባቷ እየተነሳ። «እንኳንም ጀሶው አልደረቀ። ነይ ቁሚ፣ እጅሽን አሳዪኝ።»

እጇ እስኪዝል ቆመችለት።

በማግስቱ አለቃው ጀሶውን አገላብጦ አየና «ስለ አበባው ያልኩህን እርሳው» አለ። አባቷ ይህን እራት ላይ አራት ጊዜ ደጋገመው።

ሳንቲሙ አንድም ሳይቀር ባሕር ማዶ ተሸጠ። ፎቶው ግን በትምህርት ቤቶች የሩጫ ውድድር ቀን በአሰልጣኟ ስልክ ላይ ነበር።

«እጇን እዩልኝ! ይህን የቀረጸው ሰው መቼም ሯጭ መሆን አለበት!» አለ አሰልጣኟ ለሯጮቹ እያሳየ።

ፌንጣ ሳፋው ትዝ አላት። «እጇን እንኳ እኔ...» የሚለው ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር።

«አባቴ ነው የቀረጸው» አለች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። የጫማዋን ክር አጥብቃ ወደ መነሻው መስመር ሄደች።