የደረጃው ጥምዝ

አቶ ደቅሲሳ ለፖሊስ የሰጡት ቃል አጭር ነበር። ሠራተኞቻቸው የሆኑት ሁለቱ ወንድማማቾች ከጁምዓ ሶላት ተመልሰው፣ ቱቦላሬው፣ ማለትም የብረት ቱቦው፣ ሲታጠፍ እንዳይጨፈለቅ አሸዋ ሞሉት፣ ጫፎቹን ወተፉት፣ እሳት ላይ አጋደሙት። አሸዋው እርጥብ ነበርና እንፋሎቱ ውታፉን አስፈንጥሮ ሀይደርን ገደለው። የሞላው ታናሹ ረድዋን ነው።

የረድዋን ቃል ሌላ ነበር። ከመስጊድ ሲመለሱ ቱቦላሬው ተሞልቶ እሳት ላይ ተጋድሞ ነበር። ወንድሙ ከበሩ ላይ አይቶት ወደ ምድጃው ሮጠ። ለምን እንደሮጠ ረድዋን አያውቅም።

ኢንስፔክተር ሽብሬ ሰኞ ጠዋት መቱ ከተማ ወዳለው የአቶ ደቅሲሳ ብረታ ብረት ቤት ስትገባ፣ ረድዋን በካቴና ታስሮ ከኋላዋ ነበር። ከሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል። ውስጥ አቶ ደቅሲሳና ዲዛይን የምትሠራላቸው የወንድማቸው ልጅ ኢሊሊ ይጠብቋት ነበር።

«ማጠፊያ ማሽን ገዝቼላቸዋለሁ እኮ» አሉ አቶ ደቅሲሳ። «በእሳት አታጥፉ ብዬ ነበር።»

ሽብሬ ኢሊሊን ሥዕሉን አስከፈተቻት። ጎሬ ከተማ የሚከፈተው ሆቴል የደረጃ መያዣ፣ ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ሐረግ ተጠምዝዞ ወጣ።

«ያምራል። የቱ ጋ ነው የሚታጠፈው?»

«ሁሉም ጋ» አለች ኢሊሊ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መጀመሪያ ቀጥታውን ከቅስት ጋር እያገናኘሁ ነበር የሠራሁት። ቅስቱ ሁሉ አንድ ልክ፣ ማሽኑ ብረቱን ለሚያጥፍበት ፎርማ የሚሆን። በኋላ ነጥቦች አስቀምጬ መስመሩ በመካከላቸው እንዲፈስ አደረግኩት። አሁን ጥምዙ በየስንዝሩ ይለያያል።»

«ማሽኑስ?»

«ያለው አንድ ፎርማ ነው። አይችለውም።»

«ቀይሪው ያለሽ ማን ነው?»

ኢሊሊ አጎቷን አየች።

«ባለሆቴሉ እንዲያ ፈለገ» አሉ እሳቸው። «እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ?»

«ዛሬ ነጋዴ ሆኑ» አለ ረድዋን። «ለባለሆቴሉ ሲያወሩ ኢንጂነር ነበሩ። ወንድሜ አሸዋው ዝናብ ገብቶበታል፣ ቆርቆሮ ላይ ቆልተን ነገ እንሙላው ሲልዎት ተቆጡ።»

ሽብሬ ከላስቲክ ከረጢት ሁለት የባሕር ዛፍ ውታፎች አወጣች፤ አንዱ ሀይደርን የመታው፣ ሌላው ቱቦላሬው ውስጥ የቀረው። ሁለቱም ገና የተጠረቡ ነበሩ። ከሟች ኪስ በተገኘው ቁልፍ የወንድማማቾቹን የዕቃ ሣጥን ከፈተች። በውታፍ ተሞልቷል፤ እያንዳንዱ መሃሉ በምስማር ተበስቷል።

«ቀዳዳው ምን ያደርጋል?»

«እርጥበት ከቀረ እንፋሎቱ ይወጣበታል» አለ ረድዋን። ከዚያ በእጇ የያዘቻቸውን ሁለቱን አየ፤ ፊቱ ተለወጠ።

ሽብሬ ሦስቱንም ሰዎች ምድጃው አጠገብ አቆመቻቸው።

«ሀይደር ሶላት ሲሄድ ሣጥኑን ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ሄዷል። ከሶላት በኋላ እነሱ ሞልተውት ቢሆን፣ ሣጥን ሙሉ ውታፍ እያላቸው ለምን አዲስ ይጠርባሉ? አዲስ የጠረበው ቁልፍ የሌለው ሰው ነው። ቱቦላሬው ግሎ እንዲጠብቃቸው የቸኮለ፣ ቀዳዳ እንደሚያስፈልግም የማያውቅ ሰው። ሀይደር አዲስ የተጠረበ ውታፍ ከበሩ ላይ አየ፤ እንዳልተበሳ ገባው። የሮጠው ከእሳቱ ሊያወጣው ነው።»

አቶ ደቅሲሳ ሳቁ። «በዚህ ዕድሜዬ ያን የሚያህል ቱቦላሬ ብቻዬን አቁሜ ልሞላ?»

«ብቻዎን አይደለም። አንድ ሰው ያቆማል፣ ሌላው ከመሰላል ላይ ያፈሳል። እነሱ መስጊድ ሳሉ እዚህ የቀራችሁት ሁለት ናችሁ።»

አቶ ደቅሲሳ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺ ኢሊሊ፣ አባትሽ ሲሞት ማን አሳደገሽ? ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።» እጆቿን አየች። «ሀይደር ‹መስመርሽ ያምራል፣ አንድ ቀን ብቻ ስጪኝ፣ አጥፈዋለሁ› ብሎኝ ነበር።»

ከዚያ ወደ ሽብሬ ቀና አለች።

«ቱቦላሬውን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ያፈሰሱት እሳቸው ናቸው። ረድዋንን ፍቱት፤ እኔ ከሳቸው ጋር እከሰሳለሁ።»