የኋለኛው ክፍል መስኮት

ስሙን ያወጣለት ትሬንት ዋላስኪ ነው። ማክሰኞ ዕለት፣ በምሳ ሰዓት፣ ከትምህርት ቤቱ ካፍቴሪያ በር አጠገብ ካለው ትልቅ ጠረጴዛ። ኮርዴል የምሳ ትሪውን ይዞ ሲያልፍ ትሬንት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋና ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ፣ «ኧረ ለቫውቸሬ ቦታ ልቀቁለት! ይሄ ልጅ እኮ የሚቀመጥበትን ወንበር እንኳ መንግሥት ነው የሚከፍልለት!» አለ። ጠረጴዛው በሳቅ አውካካ። አምና ከኮርዴል ጋር ቅርጫት ኳስ ይጫወት የነበረው ዴቨንም ሳቀ። ኮርዴል፣ ትሬንት በዚያን ቀን የለበሰውን ሹራብ ቀለም ሳይቀር ያስታውሳል። አረንጓዴ ነበር።

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ትምህርት አልቋል። ያው አረንጓዴ ሹራብ አሁን የኋለኛውን ክፍል በር ተደግፎ ቆሟል፣ ስልኩን እየነካካ።

ሊከራዩት የሚፈልጉት ቤት የትሬንት አባት የሚስተር ዋላስኪ ነው። ሰኞ ዕለት የኮርዴል እናት ሎሬታ ልታየው ስትመጣ ትሬንት ኮሪደሩን እየቀባ ስለነበር «ቫውቸር አለኝ» ስትል ሰምቷታል። ይህን ቃል ስትናገር ድምጿ ዝቅ ይላል። ለምን ዝቅ እንደሚል ኮርዴል ያውቃል፤ ሰዎች ስልክ ሲዘጉባት ስንት ጊዜ አጠገቧ ተቀምጦ ሰምቷል። መጀመሪያ «ቤቱ አለ፣ ይምጡና ይዩት» ይሏታል። «ቫውቸር» ስትል ቤቱ እዚያው በዚያው ተከራይቷል። ቫውቸሩ የኪራይ ድጋፍ ወረቀት ነው፤ ኪራዩን አብዛኛውን የሚከፍለው ከተማው ነው፤ በየወሩ፣ ሳያዛንፍ። ሰዉ ግን ይህን አይሰማም። የሚሰማው ቤት የሌላቸው መሆናቸውን ብቻ ነው።

ቫውቸሩ ነገ ዓርብ ያበቃል። አንድ ጊዜ ተራዝሟል፤ ከእንግዲህ አይራዘምም ተብለዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ የከተማው ፈታሽ ቤቱን አይተው «አልፏል» ማለት አለባቸው። ከወደቀ ተመልሰው የሚመጡት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሚስተር ዋላስኪም ቅድም በሩን ሲከፍቱ፣ «እንግዲህ እመቤቴ፣ ከወደቀ ሁለተኛ አልደክምም። ካሽ ይዞ የሚጠብቅ ሰው አለኝ» ብለዋታል። ሎሬታ ራሷን ነቀነቀች። አሁን የሚያድሩበት፣ አውራ ጎዳናው ዳር ያለው ሞቴልም ቢሆን ከእሑድ በኋላ አያቆያቸውም።

ፈታሿ ሚስስ ኦደም ወጥ ቤት ውስጥ ምድጃውን እያበሩ እያጠፉ ነው። ሎሬታ እጆቿን አጣምራ ከኋላቸው ትከተላለች፤ ሚስተር ዋላስኪ ደግሞ ሳይጠየቁ ስለ አዲሱ ቧንቧ ያወራሉ። የኮርዴል ትንሽ እህት ናይላ ግን ቤቱን ከወዲሁ ወርሳዋለች። ወደ ኋለኛው ክፍል ሮጣ ገባችና ወለሉ ላይ ተዘረረች።

«አልጋዬ እዚህ ጋ! መስኮቱ ሥር! ኮርዲ፣ አንተ ኮሪደር ላይ ትተኛለህ።»

«እሺ፣ ንግሥቴ» አላት ኮርዴል ተከትሏት ገብቶ፤ እግረ መንገዱንም መዳፉን ከመስኮቱ ሥር አስገብቶ ወደ ላይ ገፋ።

መስኮቱ ንቅንቅ አላለም።

ደግሞ ገፋ። አዲሱ ነጭ ቀለም መስኮቱንና ፍሬሙን ዙሪያውን አጣብቋቸዋል። ከጥቂት ወራት በፊት ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ያገኙት ቤት የወደቀው በአንዲት መስኮት ነበር። ያኔ የመጡት ፈታሽ እያንዳንዱን መስኮት ወደ ላይ እየገፉ ሲያዩ አንዱ እምቢ አላቸው። «እሳት ቢነሳ ልጅ በየት ይወጣል?» አሉና ሄዱ። ባለቤቱ ለመጠገን አልፈለገም፤ የኮርዴል ቤተሰብም ወደ ሞቴሉ ተመለሰ።

«ይሄ መስኮት ተጣብቋል» አለ ኮርዴል በሹክሹክታ።

ትሬንት ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም። «እና?»

«ቅድም አባትህ ‹መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተሃቸዋል?› ሲሉህ ‹አዎ› አላልክም?»

«ይሄኛውን ረሳሁታ። ምን ይጠበስ?»

«ሴትዮዋ አሁን ይመጣሉ እኮ!»

«ይምጡ። ሞቴል የማድረው እኔ ነኝ?»

ኮርዴል አባትየውን ሊጠራ አሰበ። ግን ሚስተር ዋላስኪ ቀስ ብለው መናገር የሚያውቁ ሰው አይደሉም፤ ልጃቸው ላይ ሲጮኹ ፈታሿ ይሰማሉ። እናቱን ቢጠራት ደግሞ ፈታሿ ገና ፊቷን ሲያዩ ያውቁባታል። ከትሬንት የኋላ ኪስ የካተር ቢጫ እጀታ ብቅ ብሏል። የተጣበቀውን ቀለም የሚቆርጠው ያ ስለት ነው።

«ካተሩን ስጠኝ።»

«በነፃ?» ትሬንት አሁን ስልኩን ኪሱ ከተተ። «አይ እናንተ! ሁሉ ነገር በነፃ! እሺ፣ ስምህን ንገረኝና ውሰድ።»

«ስሜን ታውቀዋለህ።»

«እሱን አይደለም። ማክሰኞ ያወጣሁልህን።»

ከመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ሲለቀቅ ተሰማ። ፈታሿ ከወጥ ቤት ወጥተዋል ማለት ነው። ከመታጠቢያ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ይሄ ክፍል ነው።

ኮርዴል ጡጫውን ጨብጧል። አንድ ቡጢ ቢያሳርፍበት ከማክሰኞ ጀምሮ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር ይወርድለት ነበር። ናይላ ከወለሉ ተነስታ አንዴ እሱን አንዴ ትሬንትን አየች።

«ኮርዲ፣ ስምህን ንገረዋ» አለች፣ በቅን ልቧ።

«ቫውቸሬ ነኝ» አለ ኮርዴል።

«አልሰማሁም።»

«ቫውቸሬ ነኝ!»

ትሬንት ካተሩን በአየር ወረወረለት። ኮርዴል ቀለበና ስለቱን አውጥቶ በመስኮቱ ጠርዝ ሰደደው። የደረቀው ቀለም እየተላጠ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይረግፋል። በግራ ወረደ፣ ከታች አለፈ፣ በቀኝ ወጣ። ሲቸኩል አንዴ ስቶ ጣቱን ጫረው። ኮሪደሩ ላይ የሚስስ ኦደም ጫማ ቋ፣ ቋ ይላል። ትከሻውን ከመስኮቱ ሥር አስገብቶ በሙሉ ክብደቱ ገፋ። እንጨቱ ጧ! አለና ተላቀቀ። የኅዳር ብርድ ፊቱ ላይ መጣ። እንደዚያ የሚጣፍጥ ብርድ በሕይወቱ ቀምሶ አያውቅም።

ናይላ የረገፈውን ልታነሳ ስትጎነበስ፣ «አትንኪ!» አላትና እሱ ራሱ እየለቀመ ኪሱ ውስጥ ጨመረ። መስኮቱን መልሶ ዘጋ። ካተሩም ሳያስበው እዚያው ኪሱ ገባ።

ሚስስ ኦደም ገቡ። ጣሪያውን አዩ፣ ሶኬቱን ፈተሹ፣ ከዚያ እጃቸውን ከመስኮቱ ሥር አስገቡ። መስኮቱ ወደ ላይ ወጣ። ለቀቁት፤ እዚያው ቆመ። ጣታቸውን አዲስ በተቆረጠው ጠርዝ ላይ ሄድ መለስ አደረጉና፣ «ይሄ ገና አሁን የተከፈተ ይመስላል» አሉ።

«ልጄ ነው የሠራው!» አሉ ሚስተር ዋላስኪ፤ የትሬንትን ትከሻ በሰፊ መዳፋቸው መቱት። «ሰነፍ ነው እያልኩ ስሰድበው እውላለሁ፤ ይኸው! አንተ ነህ አይደል?»

ትሬንት ወደ ኮርዴል አየ። አንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ። «አዎ፣ ዳድ» አለ።

ኮርዴል አፉን ከፈተ። ማስረጃው በጣቶቹ ላይ ነው፤ ነጭ ቀለምና ትንሽ ደም። ሁሉንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊያፈርሰው ይችላል፤ ውሸቱን፣ ምስጋናውን፣ አረንጓዴውን ሹራብ። ከዚያስ? ሚስተር ዋላስኪ በሰው ፊት ያዋረዳቸውን ልጅ ቤታቸው ያስገቡታል? እናቱ የፈታሿን አፍ አፍ ታያለች። ኮርዴል እጆቹን ኪሱ ከተተ።

«አልፏል» አሉ ሚስስ ኦደም።

ሎሬታ ግድግዳውን ያዘች። እንደሚወድቅ ሰው ነበር የያዘችው። ከዚያ አለቀሰች፤ ሚስተር ዋላስኪም የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ስለ ቧንቧው እንደገና ማውራት ጀመሩ።

እናቱ ውሉን እስክትፈርም ኮርዴልና ናይላ በረንዳው ላይ ጠበቁ። ስትወጣ ቀድማ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄደች፤ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ቶሎ ቶሎ እየተራመደች፣ አንድ ሰው መጥቶ የሚቀማት ይመስል። ኮርዴል ሊከተላት ሲል ኪሱ ውስጥ የካተሩ እጀታ እጁን ነካው። አወጣው። ትሬንት ከበሩ ላይ ቆሞ ነበር። ካተሩን ሲያይ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ኮርዴል ስለቱን ወደ ውስጥ መለሰና ካተሩን በረንዳው መደገፊያ ላይ አስቀመጠው። የናይላን እጅ ይዞ ደረጃውን ወረደ።

«ቫውቸሬ!» አለ ትሬንት ከኋላው። ድምፁ እንደ ማክሰኞ አልጮኸም። «ለአባቴ ልትነግረው ነው አይደል? ንገረው! ማን ያምንሃል?»

ኮርዴል መልስ ነበረው። ማክሰኞ ማታም ረቡዕም ሲያሰናዳው አድሯል፤ ቃል በቃል ያውቀዋል። ናይላ እጁን ጎተተችው።

«ኮርዲ፣ ልጁ እየጠራህ ነው።»

«እኔን አይደለም» አላት። ሳይዞር መንገዱን ተሻገረ።